አራት መስመር የሥራ ዝርዝር

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የመለዋወጫ መጋዘኑን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የያዘውን ሰው ሁሉም «ጋሼ መጋዘን» ይሉታል። ማሽን ሲቆም መካኒኮቹ የተሰበረውን ብረት ይዘው ይመጣሉ፤ እሱ በጣቱ ዳብሶ ተመሳሳዩ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ይነግራቸዋል። ከመዝገቡ ይልቅ የሚታመነው እሱ ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ በሰው ሀብት አስተዳደር ውስጥ አዲስ የተቀጠረችው ባለሙያ ቅጽ ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ በቀን ውስጥ የሚሠሩትን ሁሉ አንድም ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ።»

«ለምን ተፈለገ?»

«ለጥናት ነው።»

ጥናት የሚለው ቃል አልጣመውም። ባለፈው ዓመት የፈትል ክፍሉ ከተጠና በኋላ ስድስት ሰው ተሰናብቷል። ቅጹን ቤት ወስዶ ለባለቤቱ አሳያት።

«የምታውቀውን ሁሉ ጽፈህ ካስረከብካቸው፣ አንተን ምን ያደርጉሃል?» አለችው።

እሱም ቀኑን ሙሉ ሲያብሰለስል የዋለው ይህንኑ ነበር። አራት መስመር ጻፈ፦ ዕቃ መረከብ፣ ዕቃ ማውጣት፣ መመዝገብ፣ በር መቆለፍ።

ባለሙያዋ አንብባ ቀና አለች። «ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

ደግማ መጠየቋ ጭራሽ አስጠረጠረው። «እርግጠኛ ነኝ፣ ልጄ።»

ከሁለት ወር በኋላ አዲሱ የሥራ ደረጃ ተለጠፈ። ጋሼ መጋዘን ስሙን ከላይ ፈልጎ አጣው፤ ከጥበቃዎቹ በታች አገኘው። በቀጥታ ቢሮዋ ገባ። እሷም አራቱን መስመር አውጥታ ፊት ለፊቱ አኖረችለት።

«ደረጃ ለመስጠት መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም?»

እስክሪብቶዋን ስታገላብጥ ቆየች። «ከተነገራቸው ሁሉም አጋነው ይጽፋሉ ተብለን ነው የተማርነው።»

«እኔ ደግሞ ልታባርሪኝ መስሎኝ ነበር።»



«ቅሬታ ያስገቡ» አለችው በመጨረሻ። «እኔም መጥቼ ሥራዎን በዓይኔ ልየው።»

ሦስት ቀን መጋዘኑ ውስጥ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ዋለች። በሁለተኛው ቀን አንድ መካኒክ የማሽን ዘንግ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ አልቆ ይዞት መጣ። ጋሼ መጋዘን ጆሮው ሥር አሽከረከረውና፣ አዲስ ቢቀየርም እንደማይቆይ፣ የተጣመመው ዘንጉ እንደሆነ ነገረው።

«በምን አወቁ?» አለች ባለሙያዋ።

መልሱ አፉ ላይ ደርሶ ሳለ ዓይኑ እስክሪብቶዋ ላይ አረፈ። አመነታ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያስረዳት ጀመር፤ እሷም ጻፈች።

ደረጃው በሁለት እርከን ከፍ አለ። የደረጃ ዕድገቱን ደብዳቤ ስትሰጠው እዚያው ቆሞ ደጋግሞ አነበበው፤ ከኋላው የተጻፈ ነገር ይኖር እንደሆነም ገልብጦ አየው።