አራተኛው ምስክር

አቶ ዳምጠው ወንድይራድ ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ከራሳቸው አውጥተው የፈጠሩት ምስክር፣ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቢሯቸው መጣ። በሩን ሁለት ጊዜ አንኳኳ፣ ይግቡ እስኪባል ጠበቀ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ።

አቶ ዳምጠው ሃያ ስድስት ዓመት ጥብቅና ቆመው፣ አሁን የምክር ቤት አባል የሆኑ ሰው ናቸው። ሲመረጡ መዝገቦቻቸውን ለሌላ ጠበቃ አስረክበዋል። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ያለችውን ቢሯቸውን ግን አልለቀቁም።

"ማን ልበል?" አሉ።

"ጓንጉል አስናቀ። የወይዘሮ አሰገደች መዝገብ፣ የተከሳሽ አራተኛ ምስክር።"

ስሙን ረስተውት አያውቁም። ጓንጉልን ከአንድ ዳቦ ቤት ታፔላ፣ አስናቀን ከመዝገብ ቤት ሠራተኛው ወስደው ራሳቸው ናቸው የገጣጠሙት። ምስክር ካልቀረበ ቀጠሮ ይለወጣል፤ ቀጠሮ ከተለወጠ ደንበኛቸው በያዘው ቤት ውስጥ ሌላ ሁለት ወር ይከርማል። የሌለ ሰው ደግሞ ለመቅረት ማን ይችለዋል! መጀመሪያ "መንገድ ላይ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት" ይሉ ነበር። ቀጥሎ ታመመ አሉ። ቀጥሎ እግሩ ተሰበረ። ቀጥሎ እናቱ ሞተች፤ ዳኛ ሲቀየር ደግሞ እንደ አዲስ ሞተች። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባል የለ?

ሰውየው ያነክሳል፣ ያስላል፣ ጥቁር ለብሷል።

"እግርዎን ምን ሆኑ?" አሉት።

"እርስዎ ሰበሩኝ" አለ ያለ ቅሬታ። "የሚያዝያው ቀጠሮ ላይ። ሳሉ የጥቅምቱ ነው። እናቴን አራት ጊዜ ቀብሬያለሁ። በአራተኛው አንድም ለቀስተኛ አልመጣም።"

"ነፍስ ይማር" አሉ አቶ ዳምጠው። ሌላ ምን ይባላል?

ምስክሩ ከኪሱ ሁለት መጥሪያ አወጣ። አንዱ የራሱ ነው፤ አንዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የአቶ ዳምጠው ስም ተጽፎበታል፤ ችሎቱ ኅዳር ሃያ ሁለት፣ ሐሙስ ነው።

"ምን ብለው ሊመሰክሩ? እርስዎ እኮ ምንም አያውቁም።"

"እርስዎ የሚያውቁትን አውቃለሁ። ሌላ ከየት አመጣለሁ?"

አቶ ዳምጠው ሳያስቡት ወደ ታችኛው መሳቢያ አዩ። የወይዘሮ አሰገደች ባል ቤቱን ለሚስቱ የተናዘዘበት ወረቀት እዚያ ነው ያለው። ደንበኛቸው፣ የሟች ወንድም፣ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ "ይሄ ነገር ቢጠፋስ?" ብሏቸው ነበር። አቶ ዳምጠው ሕግ አዋቂ ናቸውና ወረቀት አያጠፉም፤ ቆለፉበት። ወንድምየው ትልቁን ቤት ይዞ ተቀመጠ። ወይዘሮ አሰገደች ከግቢው ጀርባ፣ ማድ ቤት ውስጥ መኖር ከጀመሩ ይኸው ዐሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው።

"ኑዛዜውን ራስዎ ይዘው ከቀረቡ እኔ አልመጣም" አለ ምስክሩ። "እምቢ ካሉ እኔ እመጣለሁ፣ እርስዎ አይመጡም። ከሁለት አንዳችን መጥፋት አለብን። መዝገቡ የለመደው እንደዚያ ነው።"

"አጭር ቀጠሮ ይስጡኝ" አሉ አቶ ዳምጠው። አፋቸው ለምዶ ነው እንጂ አስበውበት አይደለም።

"እስከ ማክሰኞ" አለና ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

ዕለቱን ለምሳ ቤታቸው ሄዱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ ለአንድ ሰው አቅርባ መብላት ጀመረች። እሳቸው ፊት ለፊቷ ተቀምጠዋል። ትሪውን ልታነሳ ስትል ብድግ ብላ "ውይ፣ ዳምጤ! መቼ መጣህ? በሩ ሲከፈት እንኳ አልሰማሁም" አለች።

"ግማሽ ሰዓት ሆነኝ።"

"ትቀልዳለህ" አለችና ትሪውን ይዛ ገባች።

ዓርብ ዕለት ምክር ቤቱ በተፋጠነ ፍትሕ ረቂቅ አዋጅ ላይ ድምፅ ሰጠ። ጉድ ነው መቼም፣ ረቂቁን ያዘጋጁት አቶ ዳምጠው ናቸው። ሲያረቁት ዓይናቸውን እንኳ አላሹም። እጃቸውን ከፍ አድርገው አወጡ። ድምፅ ቆጣሪው ከፊታቸው አለፈ፣ ከኋላቸው ተመልሶ መጣ፣ ሰማንያ ስድስት ብሎ አስመዘገበ። እሳቸው ሲቆጥሩ ሰማንያ ሰባት ነው።

"እኔን አልቆጠርከኝም" አሉት።

ቆጣሪው ጎናቸው ወዳሉት ሴት ዞሮ "አቶ ዳምጠው ዛሬ ቀሩ እንዴ?" አለ።

"መንገድ ላይ ይሆናሉ" አለች ሴትየዋ።

ማክሰኞ ምስክሩ ቀጥ ብሎ እየተራመደ መጣ። ሳሉም ለቆታል። አቶ ዳምጠው ሊቀበሉት ሲነሱ ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው፤ ደረታቸውን ይዘው ሲያስሉ ቆዩ። ያን ጊዜ ፈሩ። በዚያ ሁሉ ዘመን ደንበኞቻቸው ሲፈሩ ያዩ ነበር እንጂ በራሳቸው እንዲህ ደርሶባቸው አያውቅም።

"ኑዛዜውን ባወጣ መቀመጫዬ ይሄዳል" አሉ። "ስሜም ይጠፋል።"

"ስምዎ በየቀጠሮው እየሄደ ነው" አለ ምስክሩ።

"ሌላ ቀጠሮ። የመጨረሻ።"

"የመጨረሻ የሚለውን ሰምቼዋለሁ። ስምንት ጊዜ ብለውታል" አለ፤ ግን ሰጣቸው። ጨዋ ሰው ነው። ሲፈጥሩትም ጨዋ አድርገው ነበር።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ወይዘሮ ትርንጎ ሶፋው ላይ፣ ከባሏ ጎን ተቀምጣ ስልክ ደወለች። "ዳምጤ እናንተ ጋ መጥቷል?" አለች። ለእህቷ ደወለች፣ ለባሏ ወንድም ደወለች፣ ለሐኪም ቤት ደወለች። አቶ ዳምጠው እጇን ያዙ፤ እሷ በዚያው እጇ እንባዋን ጠረገች።

"ይበቃል" አሉ አቶ ዳምጠው። "ነገ ወረቀቱን ሰጥቼ እገላገላለሁ።"

ሐሙስ ጠዋት ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከጥቁር ልብስ በቀር አላገኙም። እሱኑ ለበሱ። ከቢሯቸው መሳቢያውን ከፍተው ኑዛዜውን አወጡና መንገዱን ለመሻገር ወጡ። አንድም መኪና ፍሬን አልያዘላቸውም፤ አንድ ባጃጅ የኮታቸውን ጫፍ ነክቶ አለፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ደረጃው ሥር ሲደርሱ ችሎት አስከባሪው ስማቸውን ይጠራ ነበር።

"አቶ ዳምጠው ወንድይራድ!"

"አቤት!" አሉ ከደረጃው። ሁለተኛ ሲጠራ በሩ ላይ ሆነው፣ ሦስተኛ ሲጠራ ዳኛዋ ፊት ቆመው፣ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ "አቤት!" አሉ።

"አልቀረቡም" አለች ዳኛዋ፤ ጸሐፊዋም መዘገበች። "አራተኛው ምስክር?"

"አቤት" አለ ጓንጉል አስናቀ። ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሷል። እጁን አንሥቶ ማለ፤ አንድም ሳያስቀር መሰከረ። ወይዘሮ አሰገደች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያዳምጡ ነበር።

"ኑዛዜው አሁን የት ነው?" አለች ዳኛዋ።

"በአቶ ዳምጠው ቢሮ፣ ታችኛው መሳቢያ።"

አቶ ዳምጠው ወረቀቱን ዳኛዋ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። እሷ ብዕሯን ፍለጋ እጇን ስትሰነዝር ወደ ጎን ገፋችው፤ ወደቀ። አነሱት። ፖሊስና ችሎት አስከባሪው መንገዱን ተሻግረው ሄዱ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ።

"መሳቢያው ክፍት ነው፤ ባዶ ነው፣ ክብርት ዳኛ።"

ዳኛዋ ተነፈሰች። "እንግዲህ ሰነዱ በሌለበት ፍርድ ቤቱ ምንም ማድረግ አይችልም። አቶ ዳምጠው ኑዛዜውን ይዘው እስኪቀርቡ ተለዋጭ ቀጠሮ ተሰጥቷል።"

"እሺ" አሉ ወይዘሮ አሰገደች። ከችሎቱ ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ካለው ረዥም አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። አቶ ዳምጠው እያነከሱ ተከትለው አጠገባቸው ተቀመጡና ኑዛዜውን ጭናቸው ላይ አኖሩላቸው። ወይዘሮ አሰገደች አቧራ እንደሚያራግፍ ሰው ቀሚሳቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

ምስክሩ ወጥቶ በሌላው ጎናቸው ተቀመጠ።

"ይመጡ ይሆን፣ ወንድሜ?" አሉት።

"መንገድ ላይ ናቸው፣ እትዬ።"

"እንግዲያው ትንሽ ልጠብቅ" አሉ ወይዘሮ አሰገደች። ምሳቸውን የያዙበትን ፌስታልና ጃንጥላቸውን ከእጃቸው አወረዱ፤ አጠገባቸው ባለው ባዶ ቦታ፣ አቶ ዳምጠው ጭን ላይ አስቀመጡት። አቶ ዳምጠው እንዳይወድቅባቸው በሁለት እጃቸው ያዙላቸው።