ሸቶ ነበር እንዴ?

«ነገ ጠዋት ሄጄ የዚያን ጠመቃ ቤት በር በመጥረቢያ ካልፈለጥኩት የአባቴ ልጅ አይደለሁም!» አለ የሟች ወንድም። ሰውዬው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሹክ ያለ ሲመስለው እንኳ ድምፁ ውጭ ድረስ ይሰማል።

«ቀስ በል እንጂ፣ ሰው እየገባ እኮ ነው» አለችው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ፣ ከፔርሙሱ ሻይ እየቀዳችለት። «ደግሞ መጥረቢያ ምን ያደርግልሃል? ለጤና ቢሮ ማመልከት ነው እንጂ። የሸተተ ሥጋ አብልተው ሰው ገድለው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ቢራቸውን እየቀዱ ሊኖሩ?»

«ገና ምኑን አይተው! ትናንት በዚያ ሳልፍ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው። ዝንብ እንኳ ሸሽቷቸዋል።»

«ይበላቸው!»

ባልየው ይሄን ሁሉ ይሰማል። ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ጆሮውን የሰው ፍሪጅ ጀርባ ላይ ለጥፎ፣ ሞተሩ የሚያቃስትበትን ቦታ ሲፈልግ ስለኖረ ሹክሹክታ አያመልጠውም። መስኮቱ ሥር ካለው ሶፋ ላይ ከልጁ ጎን ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል። የመጣው ሁሉ «ያጽናህ» እያለ ትከሻውን ነካ አድርጎት ያልፋል። ዝምታውን ሰው ሁሉ ሐዘን ነው ይለዋል። ሐዘንስ ሐዘን ነው፣ ማን ይክደዋል። የከበደው ግን ሌላ ነበር። ሚስቱን የገደላት ሥጋው እንዳልሆነ ያውቃል። ወሬውን ያወጣው ደግሞ ራሱ ነው።

ያን ቀን ሆስፒታል፣ ነፍሷ እንደወጣች፣ ሐኪሙ መተላለፊያው ጥግ ወሰደውና ከግንባሯ በስተጀርባ ዕጢ እንደነበረ ነገረው። ለዓመታት ቀስ እያለ ያደገ ነው አለው።

«የማሽተት ነርቭ ላይ ነው የተኛው» አለ ሐኪሙ። «ሽታ አልሸት ብሏት ያውቃል? ብዙ ጊዜ ሌላ ምልክት የለውም። ቀደም ብላ መጥታ ቢሆን በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችል ነበር።»

«ሽታ? እሷ?» አለ ባልየው። «ምን ነካህ ዶክተር፣ አብሳይ እኮ ናት!»

ይሄን ብሎ ወጣ። ደጅ ላይ ዘመድ አዝማድ ቆሟል። «ምን አሉህ? ምን ነካት?» ብለው ከበቡት። አፉ ከልቡ ቀደመና «ሥጋው ነው! ያ የጠመቃ ቤት ሥጋ ነው የበላብኝ!» ብሎ ጮኸ። በቃ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ጀምበር ሳትጠልቅ ሰፈሩን አዳረሰው። የሐኪሙ ጥያቄ የገባው ከጮኸ በኋላ ነው፤ ሲገባው ግን ደጁ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ፣ ደግፈው ታክሲ ውስጥ አስገቡት። ሰው ሚስቱን ስላጣ ነው ብሎ አለቀሰለት።

ከዚያ ወዲህ አንዴ እውነቱን ልናገር ይላል፣ አንዴ ደግሞ ሆድ ይፍጀው ይላል። እውነቱን ከተናገረ ጥያቄው ይከተላል። «ምልክት አልነበረም ወይ?» ይባላል። የምትጠይቀው ደግሞ ሌላ ማንም አይደለችም፣ ልጁ ናት። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ለማያውቁት ሰው ሁሉ «ይሄን ነገር ቀላል አድርገህ አትየው፣ ታከም» ስትል የምትውል ልጅ። ከእናቷ በኋላ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። እሷን ማጣት አይችልም።

ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ ማብሰያ ቤት ሴቶች ተያይዘው መጡ። ለሕፃናቱ ሁሉ የምታበስለው ሟች ነበረች። ጭልፋ ከእጇ ስለማይለይ ተማሪዎቹ «እማማ ጭልፋ» ይሏታል። ሴቶቹ መጀመሪያ አለቀሱ፣ ሻይ ሲይዙ ደግሞ ጨዋታቸው መጣ።

«አፍንጫዋ እኮ ጉድ ነበር!» አለች አንዷ። «ወተት ሊያር ሲል ከበሩ ሆና ነው የምታውቀው። 'እናንተ የተረገማችሁ፣ ምድጃው ላይ ማን አለ!' እያለች ስትሮጥ!»

ሰው ሳቀ። ልጅቱም ፈገግ አለች፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ጥርሷ ሲታይ የመጀመሪያው ነው። ባልየው ግን አንገቱን ቀና አላደረገም።

«እኔንስ ሥራ ልታወርሰኝ ነበር ለካ» አለች ረዳቷ፣ ዕንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ድስቱን ሁሉ እኔን ነው የምታስቀምሰኝ። 'አንቺ ቅመሺው፣ አሽትቺው፣ እንዴት ነው?' ትለኛለች። እኔ ያልኩትን ሰምታ ነው ጨው የምትጨምረው። ይሄን ያህል አምናኝ ነበር!»

«ደግ ነበረች እኮ» አሉ ሁሉም።

ፍሪጅ ጠጋኙ ሻዩን ሳይጠጣ ብርጭቆውን ወደ ጎን ዘረጋው። ልጁ ተቀብላው አስቀመጠችለት።

ያ የጋዝ ነገር ትዝ አለው። አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ ቤቱ በጋዝ ሽታ ታፍኗል፣ እሷ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። መስኮቱን በርግዶ «ልትፈጂን ነው እንዴ ሴትዮ?» ብሎ ጮኸባት። «ጉንፋን ይዞኝ» አለችው፣ ሳቀችም። እሱ ደግሞ በሆነ ባልሆነው «የእኛ ቤት ቦምብ» እያለ ሲቀልድባት ከረመ። ቅመም ስታበዛ «ምላሴን ልትልጪው ነው እንዴ?» እያለ ሳህኑን ይገፋል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። የተቃጠለውን ሁሉ በዓይኑ እያየ ነበር ለካ ሲስቅ የኖረው።

ከሁሉ የከፋችው ግን ያቺ የመጨረሻዋ ራት ናት።

ጠመቃ ቤቱ ሰፈራቸው ከተከፈተ ገና አጭር ጊዜው ነው። ቢራውን እዚያው ጠምቆ እዚያው የሚሸጥ፣ ምግብም ያለው ቤት ነው። ባልየው እግሩ ሳይረግጠው ሲያወድሰው ከረመ። «ዕድሜሽን ለሰው ልጅ ስታበስዪ፣ አንድ ቀን እንኳ ላንቺ ሰው ያብስልልሽ» ብሎ አስጨነቃት። እሺ አለች። ያቺን ለድግስ ብቻ የምትወጣውን ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ እንደ አዲስ ሙሽራ ክንዱን ይዛ ሄደች።

ቤቱ ገና ሲገቡ አስታወቀ። የሚያብረቀርቁት የጠመቃ በርሜሎች ከመስታወት ጀርባ ተደርድረው ያምራሉ፣ ቢራው ግን ለብ ያለና አረፋው የሞተ ነበር። ምግቡ እስኪመጣ ሆዳቸው ጮኸ። ሲመጣ ድንቹ ውስጡ ጥሬ ነው። ሥጋው ደግሞ ገና ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ሳያርፍ አፍንጫውን መታው። መብራት ሄዶበት የከረመ ፍሪጅ ሲከፈት የሚወጣውን ያን ሽታ እሱ ካላወቀው ማን ሊያውቀው ነው!

እሷ ሹካዋን አላነሳችም። እሱን፣ ፊቱን ነበር የምታየው።

«እንዴት ነው?» አለችው።

አይ ኩራት! ያን ያህል አወድሶ፣ ያን ያህል ለምኖ አምጥቷት፣ «ሸቷል» ማለት ሞት መሰለው። «አንደኛ ነው!» አላት። ደግሞም ትነቃበታለች ብሎ ነበር። አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ እሱ ይዋሻል፣ እሷ ጉርሻው አፏ ሳይደርስ ትይዘዋለች፣ ከዚያ ይሳሳቃሉ። የትዳራቸው ጨው ይሄው ነበር።

እሷ ግን ቆረሰች፣ በላች። ጨረሰች። «አንተስ? ካልበላኸው አምጣው፣ አይጣልም» ብላ የእሱንም በላች። እሱ እያየ ደሙ ፈላ። ሕፃን ልጅ እንዳይከፋው ተብሎ ሥዕሉን እንደሚያደንቁለት፣ እኔንም እንደዚያ አደረገችኝ አለ በሆዱ። እያወቀች ዋጠችው። ናቀችኝ!

መንገድ ላይ አልቻለም። «እንደዚያ የሸተተ ሥጋ እያወቅሽ ታግበሰብሺያለሽ? ምን ለማለት ነው? ንቄሃለሁ ብትይኝ አይሻልም?»

ቆመች። የመንገዱ መብራት ሥር ቆማ አየችው።

«ሸቶ ነበር እንዴ?» አለችው።

«አሁንም ትቀልጃለሽ!» አለና ጥሏት ወደፊት ሄደ። ጫማዋ ከኋላው ሲፈጥን ይሰማዋል። «ቆይ እስቲ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አለችው። «ቤት ትነግሪኛለሽ» አላት ሳይዞር። ቤት ሲገቡ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ቆየች፤ ያን ይሰማል። አልዞረም። በማግስቱ ራሷን ይዛ እያስመለሳት ወደቀች፣ ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣትም።

«እንደምን ዋላችሁ።»

ድምፁ ከበሩ ነበር። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ጎልማሳ ሰው ደፉ ላይ ቆሟል፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞታል።

«ግባ እንጂ» አለችው ልብስ ሰፊዋ።

«እኔ… የጠመቃ ቤቱ አብሳይ ነኝ።»

ሾፌሩ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ።

«መምታትም ካማራችሁ ምቱኝ» አለ አብሳዩ። «ፊታችሁን ሳላይ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሥጋው ደህና አልነበረም፣ አልዋሽም። ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ አደረ። የቤቱ ባለቤት 'ቅመም አብዛበትና አውጣው' አለኝ፣ አወጣሁት። ሳህኑ ተጠርጎ ሲመለስ ደግሞ ተመስገን አልኩ…» ወደ ባልየው ዞረ። «ጋሼ፣ እርስዎን ነው። እኔ ነኝ የገደልኳት? እሱን ብቻ ይንገሩኝ። እጄን ድስት ውስጥ መክተት አቅቶኛል፤ ለልጆቼ እንኳ ማብሰል ፈራሁ።»

«ታዲያ ማን ነው የገደላት!» ሾፌሩ ደርሶ አንገቱን አነቀው። አብሳዩ እጁን እንኳ አላነሳም። ዓይኑ ባልየው ላይ ነው።

ባልየው ያንን ዓይን አየ። ዝም ቢል ማንም አያውቅም። ሰውዬው ግን የማያውቀውን ሞት ተሸክሞ ዕድሜ ልኩን ሊኖር ነው።

«ልቀቀው» አለ።

«ምን?»

«ልቀቀው አልኩህ! አልገደላትም።» ተነሳ። «ዕጢ ነው። ራሷ ውስጥ ነበረ፣ ዓመታት የኖረ። ሐኪሙ ያኔውኑ ነግሮኛል። ሥጋው ነው ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ፣ ውሸቴን ነው።»

ሾፌሩ እጁ ላላ። አብሳዩ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ።

«አባዬ» አለች ልጁ ቀስ ብላ። «ሐኪሙ ሌላ ምን አለህ?»

«ሽታ… አልሸት ብሏት ያውቃል ወይ አለኝ።»

«አንተስ?»

«የለም አልኩት።» ልጁን ማየት አልቻለም፣ የሚናገረው ለወለሉ ነበር። «ነበረ ግን። ጋዝ አልሸታት ብሎ ቤቱ ታፍኖ አግኝቻታለሁ። ሳቅሁባት። ያን ቀን ማታም ሥጋው አልሸተታትም። የእኔን ፊት አይታ ነው የበላችው፤ አንደኛ ነው አልኳት። በኋላ መንገድ ላይ 'ሸቶ ነበር እንዴ?' ብላ ጠየቀችኝ። የምትቀልድ መሰለኝ። ልትነግረኝ ነበር፤ ጥያት ሄድኩ።»

«ጋዙን መቼ ነው?»

«ቆይቷል። አምና ብርዱ ሳይገባ።»

«አምና» አለች ልጅቱ። «አምና። እሁድ እሁድ እየመጣሁ እዚሁ እየበላሁ! አንድ ቀን፣ አንድ ቃል፣ አባዬ…»

«ቀልድ መስሎኝ…»

«አትፍረጂበት ልጄ፣ በምን ያውቃል?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ልጅቱ ከአባቷ ጎን ተነስታ፣ በሰዎቹ መሀል ይቅርታ እያለች፣ አብሳዩንም በጎኑ አልፋ ወደ እናቷ ማድ ቤት ሄደች። አባትየው ሁለት እርምጃ ተከተላት። እጁን ዘረጋ።

የማድ ቤቱ ደፍ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችምም። እንደማታውቀው ሰው አንዴ አየችውና፣ እንግዶቹ እንዳይረበሹ ብላ ቀስ አድርጋ በሩን ዘጋችበት።