ስልኬ ዘግቶ ነበር

ሽቦው በምላጭ ነው የተቆረጠው። መጋረጃ ሰፊዋ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ፣ ቦርሳውን ጭኗ ላይ ገልብጣ የሽቦውን ጫፍ በጣቷ ስትዳብሰው ገባት። ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ስትቆርጥ የኖረች ሴት፣ አርጅቶ የተበጠሰና በስለት የተቆረጠ አይምታታባትም። ያረጀ ነገር ይተለተላል። ይኼ ግን ከጥቅልሉ ላይ ገና እንደተቆረጠ ሪባን ጥርት ያለ ነው።

"ተይው ባክሽ ሆዴ" አላት ባሏ፣ እሳት ለማያያዝ ጎንበስ እንዳለ። "አርጅቶ በራሱ ጊዜ ነው የተበጠሰው። ርካሽ ዕቃ እንዲህ ነው።"

"ርካሽ አልነበረም። የገዛሁት እኔ ነኝ።"

"እሱማ አውቃለሁ፣ ተቆጣሽ እንዴ?"

ከእጅ ቦርሳዋ መቀሷን አወጣች።

ጀርባው ላይ ጥቁር የፀሐይ ሰሌዳ የተሰፋበት የተጓዥ ቦርሳ ነው። ፀሐይ ሲያገኘው ከጎኑ በሚወጣው ሽቦ ስልክ ይሞላል። ለባሏ ልደት ያመጣችለት እሷ ናት። ያን ለት በጓደኞቹ ፊት "ከእንግዲህ ስልክህ አይዘጋብህም" ብላ ብታስረክበው ሁሉም አጨበጨቡ፤ እሱም ጉንጯን ሳማት። ስጦታ መስሎት።

ባሏ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። የእግር ጉዞ ጓደኞቹ "መሪው" ይሉታል፤ ከፊት ከፊት ስለሚሄድም፣ ሰው መሪ ስለሚያስጨብጥም። ቅዳሜና እሁድ ከመጣ ቤት አይገኝም። ሲደወልለት አይገኝም። ሲመለስ ደግሞ ከጫማው ጋር በር ላይ የሚያወልቃት አንዲት መልስ አለችው፦ "ስልኬ ዘግቶ ነበር።"

እናቷ በሕይወት ሳሉ ይቺን በሰሙ ቁጥር ይስቁ ነበር። "ስልክ አይዘጋም ልጄ" ይሏታል። "ሰው ነው የሚዘጋ።"

እናትየው ደረታቸውን ይዘው የወደቁ ለት የባልና ሚስቱ መኪና ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር። ጎረቤታቸው እየሮጠ መጥቶ "እኔ እነዳለሁ፣ አንቺ ቁልፉን ብቻ አምጪ" አላት። ቁልፉ የለም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ መሳቢያውን ሁሉ ገለበጠች፣ ፍራሽ አነሳች፣ ጉዞ ላይ ላለው ባሏ ደጋግማ ደወለች። እሷ ቁልፍ ስትፈልግ እናቷ ሶፋው ላይ አለፉ። ቁልፉ በማግስቱ ከበሩ ኋላ ከተሰቀለው ጃኬቱ ኪስ ተገኘ። ለቅሶው ላይ ከሁሉ ጮክ ብሎ ያለቀሰው መሪው ነው። "ስልኬ ዘግቶ ነው፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው" እያለ ደረቱን ደቃ። አመነችው። እንዲያውም ያጽናናችው እሷ ነበረች።

ከወራት በኋላ ባንከኛው ጓደኛው ራት ተጋብዞ መጣ። ባንከኛው ክፋት የለበትም፤ አፉ ላይ ግን መዝጊያ አልተሠራለትም። "ያ በእሳት ዙሪያ የጨፈርንበት ጉዞ እኮ አይረሳም! ሙዚቃው ሁሉ ካንተ ስልክ አልነበር?" አለ። የቦታውን ስም ሲጠራ እናቷ የሞቱ ለት የሄዱበት ጉዞ መሆኑ ገባት። ወዲያው ራሷ የሰፋችው የጠረጴዛ ልብስ ጫፉ ተወዛወዘ። ባሏ ከሥር በእግሩ ጎሽሞት ነበር። እሷ ውሃ ቀዳችላቸው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ከዚያ ማታ ጀምሮ ቂሙ ሆዷ ውስጥ ይቦካ ጀመር።

ቦርሳውን የገዛችው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ በወጣ ቁጥር ትደውልለታለች፤ ምክንያት የለውምና ያነሳል። ጓደኞቹ ከኋላው "አለቃህ ናት!" እያሉ ሲያሽሟጥጡት ትሰማለች። ደስ ይላታል። በቅርቡ ግን "ቦርሳው ተበላሸ" አለና ስልኩ እንደ ድሮው መዝጋት ጀመረ። ስለዚህ ለዚህኛው ጉዞ "እኔም እመጣለሁ፣ በመኪናችን እንሂድ" አለችው። እምቢ የሚልበት አፍ አጣ።

ሽቦዎቹን በመቀሷ ላጠች፣ ገመደቻቸው፣ በቁስል ፕላስተር ጠቀለለቻቸውና ቦርሳውን ወደ ፀሐይ አዞረችው። የባሏን ስልክ ሰካችበት። ትንሿ ቀይ መብራት በራች።

ባንከኛው ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ከራሱ ድንኳን ወጣ። "ወይ ጉድ! መሪው ሞቷል ያለንን ቦርሳ አስነሳሽው?"

"አልሞተም። ገዳይ ነበረው እንጂ።"

ባንከኛው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ባሏ አልሳቀም። እሳቱን መቆስቆስ አበዛ።

"ስልኩ ይሙላ እንጂ አንድ ዘፈን ይከፈትልኛል" አለች።

"የቱን ላስከፍትልሽ እመቤቴ?" አላት ባንከኛው።

"ስልኩ ዘግቶ ሳለ የዘፈነውን። እናቴ የሞተች ለት የጨፈራችሁበትን።"

ባንከኛው ክው አለ። ፎጣው ከትከሻው ወደቀ፤ አላነሳውም። "እንዴ… ያን ለት ነው እንዴ?" ወደ ባሏ ዞረ። "አንተ! ሙዚቃውን በስልክ አቆራረጠችብን ብለህ ቁጥሯን የዘጋህ ለት?"

ይህንን አታውቅም ነበር። ዘፈኑን ታውቃለች፣ ውሸቱን ታውቃለች፤ እየጠራ እያየ ቁጥሯን እንደዘጋ ግን አታውቅም። እጇ ሽቦው ላይ ቀረ። እንባ ይመጣል ብላ ጠበቀች። የመጣው ንዴት ብቻ ነበር።

"ሆዴ፣ እንዲህ መሆኑን ባውቅ ኖሮ…" አለ ባሏ።

"እንዴት ታውቀው? ዘግተኸኝ።"

"ቤታችን ገብተን እንነጋገር። ሰው ፊት…"

"ለቅሶውንም እኮ ሰው ፊት ነው ያለቀስከው።"

ስልኩን ከሽቦው ነቀለችና ጭኑ ላይ ጣል አደረገችለት። "እንካ፣ ይበቃሃል" አለች። የራሷን ስልክ በቦታው ሰክታ ቦርሳውን አዘለች። "ብርድ ብርድ አለኝ። ሹራቤን ከመኪናው ላምጣ።"

"ቁልፉ የቦርሳው የፊት ኪስ ውስጥ ነው" አለ፣ ከፊቱ ዞር ስላለችለት ትንፋሹ መለስ እያለ።

የድንኳኑ ገመድ ላይ ጃኬቱ ተሰቅሏል። ያው ጃኬት ነው። ድንኳኑን ዞራ ስታልፍ ቁልፉን ከቦርሳው አውጥታ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተችውና በቀስታ ዚፑን ዘጋችው። ከዚያ ቁልቁለቱን ተያያዘችው። የጠዋቱ ፀሐይ ከኋላዋ ስለነበር ሰሌዳውን ሙሉ ለሙሉ አገኘው። በቆመችው መኪና አጠገብ ስታልፍ ዞራም አላየቻት። ከዋናው መንገድ ሚኒባስ አስቆማ ከሹፌሩ ኋላ መስኮት ጥግ ተቀመጠች፣ ቦርሳውን አቅፋ።

ብዙም ሳይርቁ ስልኳ ጠራ። ዝም አለችው። ደግሞ ጠራ። ከዚያ መልእክት ገባ፦ "ሆዴ መኪናው ጋ ነኝ። የት ሄድሽ? ቁልፉ የት ነው?"

ቁልፉ የት ነው። ደግማ አነበበችው። ጎረቤቱ በር ላይ ቆሞ የጠየቃት፣ እሷም በደወለች ቁጥር ልትጠይቅ ያሰበችው ይህንኑ ነበር። በሸሚዙ ብቻ እየሮጠ ወርዶ፣ ኪሱን እያገላበጠ፣ ጃኬቱ ተራራው ላይ ተሰቅሎ ታያት። በቁና ሰፍሮ ነበር፤ በቁናው ተሰፈረለት።

ስልኩ እንደገና ጠራ።

"እህቴ" አለ ሹፌሩ በመስታወቱ እያያት፣ "ወይ አንሺው ወይ ዝጊው። ባትሪሽን ይጨርስብሻል።"

ጣቷ ወደ ማጥፊያው ሄደ። ብትዘጋው ዕረፍት ነው። እሱም ግን "ስልኳ ዘግቶ ነው" ብሎ ይጽናናል። ጣቷን መለሰች።

"አይጨርስም" አለችውና ቦርሳውን ወደ መስኮቱ፣ ፀሐይ ወዳለበት አዞረችው።