ለአባ ውሃ ማሞቅ

በዚያ ሰሞን የአዜብ ሕልም ሁሉ ውሃ ነበር። ቀን ከጓሮዋ፣ ሌሊት ከእንቅልፏ ውስጥ፣ ሰማያዊ ሆኖ ቀስ እያለ ይተነፍሳል።

ባሏ ቲቶ ከደቡብ አፍሪካ ሲመለስ፣ ሆሳዕና ካለው ቤታቸው ጓሮ መዋኛ ገንዳ አሠራ። ጎረቤቱ "በዚህ ብርድ ማን ሊዋኝ?" ብሎ ሳቀ፤ እውነትም ከእንቁራሪት በቀር የዋኘበት የለም። አሁን ግን ገንዳው ሥራ አገኘ። ዕድሜያቸውን ሙሉ "ውሃው ይቀዘቅዛል" እያሉ ከጥምቀት ሲሸሹ የኖሩት አባቷ አቶ ሽብሩ፣ ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ልባቸው ተሰብሮ "እሑድ ልጠመቅ" አሉ። አስም አለባቸው፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች የሚጠመቁት ደግሞ ወንዝ ውስጥ ነው። አዜብ ወንዝ ገብተው እንዳይሞቱባት ፈራችና፣ "ውሃውን እኔ አሞቅልዎታለሁ" ብላ ቃል ገባች።

ቲቶ ይዞት የመጣውን አረፋ አረፋ ያለበት ሰማያዊ የገንዳ መክደኛ ላስቲክ አውጥታ አጠበች፤ አረፋውን ወደ ታች አድርጋ ውሃው ላይ አነጠፈችው። ቀን ፀሐይ በላስቲኩ አልፋ ውሃውን ታሞቃለች፤ ማታ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ላስቲኩ ይይዘዋል። አዜብ ጠዋት ጠዋት የረገፈውን የባሕር ዛፍ ቅጠል ትጠርግና ጥጉን ገለጥ አድርጋ እጇን ትነክራለች። ውሃው ሕፃን የሚታጠብበት ያህል ለብ ብሏል። ዓይኗን ስትጨፍን እናቷ አጠገቧ የቆመች ይመስላታል፤ ደስ ይላታል።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አዜብ ገበያ እንደወረደች ነፋስ ተነሣ። አቶ ሽብሩ የላስቲኩ ጫፍ ሲርገበገብ አዩና አላስቻላቸውም። ቆጮ የሚብላላበትን ጉድጓድ በእንሰት ቅጠል ሲከድኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቅጠል ከተነጠፈ ድንጋይ ይጫንበታል፣ አለቀ። ደህና ደህናውን ድንጋይ መርጠው ዙሪያውን ጫኑበትና በሥራቸው ረክተው ገቡ። አዜብ ስትመለስ መሽቶ ነበርና ገንዳውን አላየችም።

የፈሩት ይደርሳል። እሑድ ጠዋት ላስቲኩ ከነድንጋዩ ሰምጦ ገንዳው ወለል ላይ ተኝቷል። እጇን ብትነክር ውሃው በረዶ ሆኗል።

"አባ፣ ምን አደረጉ?" አለች፤ እንባዋ መጣ።

"ነፋስ እንዳይወስድብሽ ብዬ ነዋ፣ ልጄ።"

ይሄኔ አጥማቂው ወንጌላዊ አጵሎስ ከምእመናን ጋር ደረሱ። "ለሚመጣው እሑድ ይደር፣ እባክዎ" ብላ አባቷን ለመነች። ወንጌላዊውም ተስማሙ። አቶ ሽብሩ ግን ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

"ስንት ዘመን በብርድ ሳመካኝ! ዛሬ ያቀዘቀዝኩት ራሴ፤ በማን ላመካኝ?"

ገቡ። ወንጌላዊው ደግፈው ሲያጠልቋቸው የአዜብም ትንፋሽ አብሮ ጠለቀ። ብቅ ሲሉ ሮጣ በጋቢ ጠቀለለቻቸው። ጥርሳቸው ይንገጫገጫል፤ ዓይናቸው ግን ውሃው ላይ ቀርቷል።

"እናትሽ ልትጠመቅ ወንዝ የገባች ዕለት እኔ ዳር ቆሜ ስስቅባት ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "እንዲህ ይቀዘቅዝ ኖሯል? አንድም ቀን አልነገረችኝም።"