የአያ ቻላቸው ንስሐ

በፀዳው ደብር የቅዳሴው ጸሎት በአማርኛ ተተርጉሞ በስክሪን እንዲታይ አስተዳዳሪው ከወሰኑ ወዲህ፣ እሳቸውን ለማስነሣት ፊርማ የሚያሰባስቡት አያ ቻላቸው ናቸው። እሑድ ደግሞ ከባለቤታቸው ከሸዋገነት ጋር ሊቆርቡ ቀን ተቆርጦላቸዋል። ችግሩ፣ የንስሐ አባታቸው ያው አስተዳዳሪው፣ በዕድሜ የሚያንሷቸው መምሬ ክብረት መሆናቸው ነው።

“ሰው ሰድቤያለሁ፣ አባቴ” አሉ ዓርብ ዕለት፣ መሬት መሬት እያዩ።

“ማንን?”

“እርስዎን።”

መምሬ ክብረት ቀና ብለው አዩዋቸው። “በቃል ነው በጽሑፍ?”

“በሁለቱም።” አራት ገጽ አቤቱታ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧቸው።

መምሬ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። “ልጄ፣ ስክሪኑን መቃወም ኃጢአት አይደለም። ተኩላ ያልከኝንና ሆዳም ያልከኝን ግን ሰርዝ፤ አርባም ስገድ። ከዚያ ለሀገረ ስብከቱ አስገባው። እሑድ ትቆርባለህ።”

“ቢያስነሡዎትስ?”

“ያኔም የንስሐ ልጄ ነህ።”

አያ ቻላቸው መስቀሉን ተሳልመው ወጡ። ቤት ገብተው ስድቡን ሰርዘው ሲጨርሱ ከአራቱ ገጽ የተረፈው ሦስት መስመር ብቻ ሆነ። ሸዋገነት ሳቀችባቸው።

“እንዲህ ያለ አባት የሰጠኝ ይመስገን” አሉ። ሦስቱን መስመር ግን በንጹሕ ወረቀት ገልብጠው ፈረሙበት።