በሪፖርት የተሠራው ድልድይ

ዐቂል ሪፖርት ሲያነብ ድምፁ ይለሰልሳል። ሊዋሽ ሲል እንደዚያ ነው። ሁለታችንም ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈር በላይ ያለው፣ ፈፋ ለሁለት የከፈለው ሰፈር የምክር ቤት ተመራጮች ነን። እኔ እዚያው እኖራለሁ። እሱ ሱቁም ኑሮውም ኮምቦልቻ ነው፤ ለስብሰባ ቀን በሚኒባስ ወደ ደሴ ይወጣል። ሰፈር ውስጥ የቀሩት ሽማግሌ አባቱ ሐጂ ዓብደላ ብቻ ናቸው።

ጥቅምት ላይ ምክር ቤቱ የየሰፈሩን የሩብ ዓመት ሥራ ሊሰማ ተሰበሰበ። አንዱ ችግኝ ተከልን ይላል፣ ሌላው ቦይ ጠረግን ይላል፣ ይጨበጨባል። ዐቂል ተራው ሲደርስ ተነሳና በፈፋው ላይ የእግረኛ ድልድይ በኅብረተሰብ ተሳትፎ ተሠርቶ አገልግሎት መስጠት ጀምሯል አለ። ፎቶውንም ግድግዳው ላይ አሳየን።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ያን ፈፋ ጠዋት ተሻግሬው ነው የመጣሁት፤ ጫማዬ ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም።

መቃብራችን ከፈፋው ማዶ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ነሐሴ ላይ ባሌ ጣሀ ሲሞት ወንዶቹ ቃሬዛውን ተሸክመው ጎርፉ ውስጥ ገቡ። እኛ ሴቶች መቃብር ድረስ አንሄድም፤ ከዳር ቆመን እናያለን። መሐል ላይ ሲደርሱ አንዱን ሸካሚ አዳለጠውና ቃሬዛው ዘመመ፣ ያ ድፍርስ ውሃ ከፈኑን ነካው። ቆሜ አየሁ። ምክር ቤት የገባሁት ለዚህ ድልድይ ብቻ ነው። ስንት ደጅ ጠንቼ መሐንዲሶቹ ለሚቀጥለው ዓመት እቅድ ይዘውልኝ ነበር። ተሠርቷል ከተባለ ግን ይሰረዛል።

እጄን ሳላወጣ ተነሳሁ። ፎቶው ላይ ከድልድዩ ጀርባ ራሱን የደፋ ማሽላ ይታያል።

"ደሴ ላይ የማሽላ ማሳ ያያችሁ አላችሁ?" አልኩ። "ይሄ ቆላ ነው፣ ከኮምቦልቻ ወዲያ ደጋን የሚባለው ከተማ አካባቢ። ሲያልፍ ያገኘውን ድልድይ ፎቶ አንስቶ አመጣልን።"

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሥርጉት ጠረጴዛውን ደበደቡና የአባላት ክብር ይጠበቅ አሉ። ቅሬታ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ፣ የሪፖርቱ ማጠቃለያ እንደሆነ ወደ በላይ አካል ሄዷል አሉ። ዐቂል ቅንጣት አልተቆጣም። እትዬ ሐምዲያ ከባለቤታቸው ሀዘን ገና አልወጡም፣ እንታገሳቸው አለ። አዳራሹ ሙሉ ከንፈሩን መጠጠልኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሪፖርቱ በጭብጨባ ጸደቀ። በባሌ ሞት አፌን ዘጋኝ። ወላሂ፣ እጄ ላይ ድንጋይ ቢኖር እወረውረው ነበር።

ስወጣ ዐቂል ደረጃው ላይ ጠብቆ ያዘኝ። ዝም ካልኩ ለሰፈሩ ሌላ ነገር እንደሚያመጣ፣ ካልተውኩ ግን በሚቀጥለው ምርጫ ወንበሬ ላይ ሌላ ሴት እንደምትቀመጥ ነገረኝ። ይህን ሁሉ "እርስዎ" እያለ ነው። ትቼው ደረጃውን ወረድኩ።

ምክር ቤት ባይሰማኝ ቅሬ አለ። ቅሬያችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ሟቹን የሚሸከምበት ማኅበር ነው። የቅሬ ዳኛ ሲጠራ ባለሥልጣንም ቢሆን አልመጣም አይልም፤ ከቅሬ የተጣላ ሰው ሬሳውን ማን ያነሳለታል? ከሰስኩት። እሁድ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሐጂ ዓብደላም አባል ናቸውና በከዘራቸው ተደግፈው መጥተው ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ።

ዳኛው ጋሽ አግማስ መጀመሪያ እኔን ሰሙ። ቀጥሎ ዐቂል እንደ ለመደው አለሳልሶ ጀመረ። ድልድዩ በሂደት ላይ ነው፣ ሪፖርቱ የሰፈሩ ስም ከፍ እንዲል ነው፣ ሁሉም ሰፈር እንደዚህ ነው የሚያደርገው። ጋሽ አግማስ እስኪጨርስ ጠበቁት።

"ድልድይ አለ ብለህ ጽፈሃል" አሉ። "እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ከእናንተ ቤት የሚወጣ ጀናዛ በዚያ ድልድይ ይሻገራል። ቅሬው ለእናንተ ብሎ ፈፋ ውስጥ አይገባም።"

ዐቂል ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ማንም አብሮት አልሳቀም። ሐጂ ዓብደላ ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ልጄ፣ እኔን በየት ልታሻግረኝ ነው?"

ሰኞ ጠዋት ዐቂል ሪፖርቱ ስህተት ነው፣ ይታረም ብሎ በእጁ ጽፎ ለወይዘሮ ሥርጉት ሰጠ። ድልድዩ ወደ እቅዱ ተመለሰ፣ ጋሽ አግማስም ፍርዳቸውን አነሱ። ይቅርታ ግን አልጠየቀኝም። እኔም አልጠበቅሁም።

ሐጂ ዓብደላ ድልድዩን ሳያዩ ሐምሌ ላይ ሞቱ። የድልድዩ ድንጋይ ገና መራገፉ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ፈፋው ሞልቷል፤ ቅሬው ገባ። እኔም ከሴቶቹ ጋር እዚያው የድሮ ቦታዬ ላይ ቆምኩ። ዐቂል የቃሬዛውን የፊት ቀኝ ይዟል፣ ውሃው እስከ ወገቡ ደርሷል። ይህን ባይ ደስ የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። አላለኝም። መሐል ሲደርሱ ያ የጣሀን ሸካሚ ያዳለጠው ድንጋይ ጋ እንደቀረበ አየሁ፤ እኔ ነኝ ቦታውን የማውቀው።

"ዐቂል፣ በግራ እርገጥ" አልኩት። "በቀኝህ ያለው ድንጋይ ያዳልጣል።"

ዞሮ አላየኝም። እግሩን ግን ወደ ግራ አነሳ፣ ከፈኑም ሳይረጥብ ተሻገረ። ዛሬም አንነጋገርም።