ካርታው የሳተው ስም

እኛ የሰሜን ስኮትላንድ ሰዎች ዝናብ እንረግማለን እንጂ ዝናብ ለምነን አናውቅም ነበር። ያን ዓመት ግን ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ጠብ ሳይል ቀረ። ከመንደራችን በላይ ያለው ጅረት ነጠፈ፤ የጎረቤቴ የቶርሞድ በጎች እርጥብ ድንጋይ ይልሱ ጀመር። ቶርሞድ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ወዳጅ ዘመዱ እነዚያ ስልሳ በጎች ናቸው። ቢቸግረው ቅዳሜ የጭነት መኪና መጥቶ ሁሉንም ወደ ገበያ እንዲወስድለት ተስማማ።

መንጋው ድሮ የአክስቱ የራኒት ስለነበር ሳይነግራቸው መሸጡ ከበደው። ረቡዕ ዕለት «ብቻዬን አልችላቸውም፣ ና አጅበኝ» አለኝና ባሕሩ ዳር ወዳለው የአረጋውያን ቤት አብረን ሄድን። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ምላሳቸው ግን አላረጀም።

«ውሃ ጠፋ አክስቴ፤ ምን ላድርግ?» አለ ቆቡን እያሻሸ።

«ክኖክ አን ኡዋራን ላይ ፈልገሃል?»

«የቱ ነው እሱ?»

«ከቤትህ ጀርባ ያለውን ኮረብታ ስሙን አታውቀውም? ጉድ እኮ ነው!»

«እሱማ ክኖክ ናን ኡዋን ነው፤ የግልገሎች ኮረብታ። ካርታው ላይ ተጽፏል።»

አሮጊቷ እስኪያስላቸው ሳቁ። «እዚያ ገደል ላይ ግልገል የሚያወጣ የትኛው እብድ ነው? ካርታ ሠሪው የአገራችንን ቋንቋ፣ ጌሊክን፣ አያውቅም፤ ለጆሮው የመሰለውን ጻፈ። አን ኡዋራን ነው ልጄ፤ የምንጩ ኮረብታ!»

የቶርሞድ ፊት ቀላ። አባቱ «ይህ ቋንቋ እንጀራ አይሆንህም» ብለው ጌሊክ ሳያስተምሩት ነው የሞቱት።

«ታዲያ ምንጩ የት ጋ ነው?»

«እኔም አላየሁት፤ በግ እንዳይገባበት ድሮ በድንጋይ ደፍነውታል ይባላል። ግን ከሥሩ የሚወርደው ቦይ አልት አ ኹሪን ነው የሚባለው፤ የቀይ ፍሬው ዛፍ ጅረት። ከዛፉ በላይ ቆፍር።»

«እዚያ ምን ዛፍ አለና!»

«ዛፉ ቢሞት ጉቶው የት ይሄዳል? አንተን ብሎ በግ አርቢ!»

ሐሙስ ጠዋት አካፋና ዲጂኖ ይዘን ደረቁን ቦይ ተከትለን ወጣን። እስከ እኩለ ቀን ዞርን፤ ምንም የለም። «ባሮጊት ተረት ወገቤ ተቆረጠ» እያለ ቶርሞድ ሲራገም፣ እኔ ዳቦዬን ልበላ ድንጋይ የመሰለኝ ነገር ላይ ቁጭ አልኩ። ከሥሬ ፍርክስ አለ። የበሰበሰ ጉቶ ነበር።

ከጉቶው አሥር እርምጃ ከፍ ብሎ፣ ሰው የደረደረው የሚመስል የድንጋይ ክምር በሣር ተሸፍኖ አገኘን። ድንጋዩን ስናነሳ ከሥሩ ጥቁር ጭቃ ብቻ ነው ያለው። እንደዚያው ሆኖ መሸ። ዓርብ ተመልሰን እስከ ወገባችን ቆፈርን። ከሰዓት በኋላ ዲጂኖው በድንገት ሰመጠ፤ ሲነቀል፣ መጀመሪያ ደፍርሶ ቀጥሎ እየጠራ፣ አውራ ጣት የሚያህል ውሃ ፈለቀ። ቶርሞድ በሆዱ ተኝቶ ጠጣ። ጠጥቶም ቀና አላለም፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ፊቴን ወደ ባሕሩ አዞርኩ።

ውሃው ለሁሉም አልበቃም። ቅዳሜ ሃያዎቹ ሄዱ፤ አርባዎቹ ቀሩ።

እሑድ ቶርሞድ ደብተር ገዝቶ አክስቱ ዘንድ ሄደ። «የሌሎቹንም ኮረብቶች ስም ይንገሩኝ» ቢላቸው፣ «በመጀመሪያ አፍህን አስተካክል፤ እንደ ላም ነው የምትጠራው» አሉት። ቢሆንም ነገሩት። የበረዶው ወራት ሲገባ ከመንደሩ አራት ሰዎች እየተከተሉት ይሄዱ ነበር፤ አንደኛው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ከሐይቁ ማዶ ያለውን ሹል ኮረብታ ጠየቅናቸው። ራኒት ብዙ አሰቡ። «ይሄኛውን አላውቅም» አሉ በመጨረሻ፤ «የታችኛው ሸለቆ ሰዎች ሳያውቁት አይቀሩም።»

ከሚስቱ ቀብር ወዲህ ሰው ቤት ረግጦ የማያውቀው ቶርሞድ፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ በማግሥቱ መኪናውን ወደ ታችኛው ሸለቆ ነዳ። የማያውቀውን ሰው በር አንኳኳ፤ እራት ሳያበሉም አልሸኙት።